ፈረሶቹ የት ዙር ላይ ናቸው? ቶርክ፣ የፈረስ ጉልበትና ወደ ሥራ የሚነዳ የስፖርት መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ መኪና ሲወራ ለዓመታት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሲሲ ነው?» ነበር፤ የሞተሩ መጠን ማለት ነው። ኤክሳይዝ ታክሱ በሲሲ ስለሚለያይ ጥያቄው የኪስም ጉዳይ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ግን ሲሲ የሚባል ነገር የሌላቸው መኪኖች በረከቱ። ጥያቄውም ተቀየረ። አሁን «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ሆኗል። ሻጩ 200፣ 300፣ 500 ብሎ ቁጥሩን ይጠራል። ገዢው በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል።

ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ «ዋናው ፈረሱ ነው» ይላል። ሌላው «ፈረሱን ተወው፣ ቶርኩን እይ» ይለዋል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ ሁለቱም ግን የሚጠቅሱት ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር የት ዙር ላይ (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ ሲዞር) እንደሚገኝ፣ እዚያ እስኪደረስ ድረስ ሞተሩ ምን እንደሚሰጥ የሚጠይቅ ብዙም የለም። ነገሩ በደንብ የሚታየው በስፖርት መኪኖች ላይ ነው። የሚሸጡት በቁጥር ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት ግን እንደ ማንኛውም መኪና በትራፊክ መብራትና በመጨናነቅ መሀል ነው።

ስሙ ራሱ ያሳስታል

በአማርኛ «የፈረስ ጉልበት» ስንል አንድ ችግር አብሮ ይመጣል። ጉልበት ማለት የመግፋት ወይም የመጎተት ብርታት ነው። የፈረስ ጉልበት ግን እሱ አይደለም። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደተሠራ የሚለካ ነው። ጉልበት የሚለው ቃል በትክክል የሚገባው ለቶርክ ነበር።

ቶርክ አንድን ነገር የሚያዞር ጉልበት ነው። ጎሚስታ ጋ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። የጎማው ብሎን አልፈታ ሲል ልጁ መፍቻውን አግድም ያስገባና በእግሩ ጫፉ ላይ ይቆምበታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ ሲቆም ወደ 340 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይፈጥራል። ኒውተን ሜትር የቶርክ መለኪያ ነው። ይህ ከብዙ የስፖርት መኪና ሞተሮች ይበልጣል። ቀልድ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን እውነት ነው።

ታዲያ ልጁ ለምን መኪና አይገፋም? ያን ጉልበት በደቂቃ 3,000 ጊዜ ማዞር ስለማይችል ነው። የፈረስ ጉልበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቶርኩ በተገኘበት ዙር ተባዝቶ ይሰላል። ቶርኩን በኒውተን ሜትር ወስደን በሞተሩ የደቂቃ ዙር እናባዛና ለ7,127 እናካፍለዋለን። 200 ኒውተን ሜትር በ3,000 ዙር 84 የፈረስ ጉልበት ነው። ያው 200 በ6,000 ዙር ሲገኝ 168 ይሆናል። የሞተሩ ግፊት አልጨመረም፤ የጨመረው ፍጥነቱ ነው።

መለኪያውን ያስለመደው ጄምስ ዋት ነው። የእንፋሎት ሞተሩን ለደንበኞች ሲያስረዳ በፈረስ ይሠራ ከነበረው ሥራ ጋር አነጻጸረው። በአውሮፓና በጃፓን የሚሠራበት ዓይነት 75 ኪሎ ግራም ክብደትን በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ነው። ከእንግሊዙ መለኪያ በጥቂቱ ስለሚያንስ፣ ያው ሞተር በአንዱ ካታሎግ 200፣ በሌላው 197 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

240 ከ220 የሚያንስበት ቦታ

ሁለት መኪኖችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ሆንዳ ኤስ2000 እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ከ2 ሊትር ሞተር፣ ያለ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ)፣ 240 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። በዘመኑ የሚያስደንቅ ነበር። ግን 240ው የሚገኘው በ8,300 ዙር ላይ ነው። ከፍተኛ ቶርኩ 208 ኒውተን ሜትር ሲሆን እሱም የሚመጣው በ7,500 ዙር ነው። በሌላ በኩል የሰባተኛው ትውልድ ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ አለ። ይህኛው ቱርቦ አለው፤ 220 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። 350 ኒውተን ሜትር ቶርኩን ግን ከ1,500 ዙር ጀምሮ ይሰጣል።

አሁን ከተማ ውስጥ እንግባ። ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ የዙር ቆጣሪው አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 3,500 ባለው ውስጥ ነው። በ2,000 ዙር ነዳጅ እስከ መጨረሻው ቢረገጥ ጎልፉ 98 ያህል የፈረስ ጉልበት ያቀርባል። ኤስ2000ስ? ከፍተኛ ቶርኩን እዚያ ላይ ቢያገኝ እንኳ 58 ነው፤ አያገኘውም እንጂ። 240 ፈረስ ያለው መኪና 220 ባለው የሚበለጠው በዚህ ምክንያት ነው። ፈረሶቹ አሉ። ግን ላይኛው ፎቅ ላይ ነው የታሰሩት።

ሆንዳም ይህን የተረዳ ይመስላል። ለአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሞዴል ሞተሩን ወደ 2.2 ሊትር አሳደገው። 240ው አልተነካም። ቶርኩ ወደ 220 ኒውተን ሜትር ከፍ አለ፤ የሚገኝበት ዙር ደግሞ ወደ 6,500 ወረደ። በማስታወቂያው ቁጥር ብቻ የሚሄድ ሰው ምንም እንዳልተለወጠ ያስባል።

የ86ቱ ጉድጓድ

ይህን ጉዳይ ከየትኛውም መኪና በተሻለ የሚያሳየው ቶዮታ 86 ነው። ከሱባሩ ጋር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ወጣ። የሱባሩ ወንድሙ ቢአርዜድ ይባላል። ዓላማው ቀላል፣ በአቅም የሚገዛ፣ የኋላ ጎማው የሚገፋ መኪና መሥራት ነበር። ሞተሩ 2 ሊትር ሆኖ ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ ተኝተው የሚሠሩበት ዓይነት ነው። 200 የፈረስ ጉልበት በ7,000 ዙር፣ 205 ኒውተን ሜትር በ6,400 ዙር። ጎማዎቹ እንኳ ሆን ተብለው መጠነኛ ነበሩ፤ የቶዮታ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ፕሪየስ ላይ ከሚገጠመው ጋር አንድ ዓይነት። መሐንዲሶቹ የፈለጉት መኪናው በትንሽ ጉልበትም ቢሆን ጅራቱን እንዲያወዛውዝ ነበር።

ሰው መሪውን ወደደው። አቀማመጡን ወደደው። ሞተሩ ላይ ግን ወዲያው ቅሬታ ተነሳ። ቶርኩ በየዙሩ ምን ያህል እንደሆነ በሚያሳየው መስመር መሀል፣ ከ3,000 ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ 4,500 ዙር አካባቢ፣ ጉድጓድ አለ። ዙሩ ሲጨምር ቶርኩ መጨመር ሲገባው ዝቅ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይነሳል። ነጂው የሚሰማው «ሊሄድ ነው» ሲባል መኪናው ትንፋሹን እንደያዘ ነው።

ጉድጓዱ የት እንደወደቀ እንይ። በስድስት ማርሹ ማኑዋል ካምቢዮ መኪናው በአራተኛ ማርሽ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድ ሞተሩ በስሌት 3,400 ዙር ገደማ ላይ ነው። 100 ሲደርስ ወደ 4,200 ይጠጋል። ከፊት የሚንፏቀቅ ከባድ መኪና አለ እንበል። ደርቦ ለማለፍ ነዳጅ ይረገጣል። ከ80 እስከ 100 ያለው መንገድ ሙሉ በሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ሰው ቶርክ በሚፈልግበት ቦታ ላይ ቶርኩ የለም። መፍትሔው ሁለት ማርሽ መቀነስ ነው። በሁለተኛ ማርሽ በ80 ኪሎ ሜትር ሞተሩ 6,000 ዙር አልፏል፤ መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል። ግን 97 ገደማ ላይ ቀዩ መስመር፣ ማለትም ሞተሩ ማለፍ የሌለበት ዙር፣ ይመጣል። ስለዚህ ማለፉ ሳያልቅ እንደገና ማርሽ መቀየር ነው። ለሚወድ ሰው ጨዋታ ነው። ከሥራ ደክሞት ለሚመለስ ሰው ሥራ ነው።

የጉድጓዱ ምክንያት ምንድን ነው? አየር ወደ ሞተር ሲገባና ጭስ ሲወጣ ቱቦዎቹ ውስጥ የግፊት ሞገድ ይፈጠራል። ሞገዱ በትክክለኛው ሰዓት ከደረሰ ሲሊንደሩ በደንብ ይሞላል፤ ካልደረሰ አሟሟሉ ይጎድላል። ሞተሩ ለላይኛው ዙር ሲስተካከል መሀሉ ዋጋ ይከፍላል። የጭስ ማውጫውን ቱቦ ለውጠው የሞተሩን ፕሮግራም ያስተካከሉ ባለቤቶች ጉድጓዱን ብዙ መሙላት መቻላቸውም ይህን ያጠናክራል።

ለዓመታት የብዙ ሰው ጩኸት «ቱርቦ ግጠሙለት» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ተተኪ ጂአር86 ግን ቱርቦ አልነበረውም። ሞተሩ ወደ 2.4 ሊትር አደገ። የፈረስ ጉልበቱ 228 ሆነ፤ ሲያዩት ያን ያህል የሚያስጮህ ጭማሪ አይደለም። ዋናው ነገር ቶርኩ ነው። 249 ኒውተን ሜትር ሆነ፤ የሚገኘውም በ3,700 ዙር ላይ ነው። አሮጌው ጉድጓድ በነበረበት ቦታ አሁን ጫፉ ቆሟል። በ3,700 ዙር አዲሱ 129 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አሮጌው ከፍተኛ ቶርኩን እዚያ ቢያገኝ እንኳ 106 ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ደግሞ ከዚያም በታች ነው። በማስታወቂያ 28 ፈረስ የሚመስለው ለውጥ በዕለት ተዕለት መንገድ ላይ የአሮጌውን ትልቁን እንቆቅልሽ ፈታ።

«ማርሽ እያለ ቶርክ ምን ያደርጋል?»

የፈረስ ጉልበት ደጋፊዎች እዚህ ላይ ጥሩ መከራከሪያ አላቸው። ጎማ ላይ የሚደርሰው ቶርክ ሞተሩ የሚሰጠው ብቻ አይደለም፤ ማርሹ ያባዛዋል። የቀድሞው 86 በአንደኛ ማርሽ የሞተሩን ቶርክ ወደ 15 ጊዜ ያህል ያበዛዋል። 205ቱ ኒውተን ሜትር ጎማው ጋ ሲደርስ ከ3,000 በላይ ነው። ከፍ ባለ ዙር መሽከርከር የሚችል ሞተር የበለጠ የሚያባዛ ማርሽ መያዝ ይችላል። ስለዚህ በአንድ የመንገድ ፍጥነት ላይ መኪናውን የሚገፋው ኃይል የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት ባለው የፈረስ ጉልበት ነው። ፊዚክሱ ከእነሱ ጋር ነው። በውድድር ሜዳ ላይ ሞተሩ ሁልጊዜ ከላይኛው ዙር ስለማይወርድ እዚያ ክርክሩ አብቅቷል።

«በዚያች ቅጽበት» የሚለው ቃል ግን ትልቅ ነው። ነጂው ማርሽ ካልቀነሰ ሞተሩ ከፍተኛ ፈረሱን አይሰጥም። መንገድ ላይ ደግሞ ሰው ሁልጊዜ ማርሽ አይቀንስም። በ50 ኪሎ ሜትር በሦስተኛ ማርሽ የሚሄድ 86 በ2,700 ዙር አካባቢ ነው፤ በአራተኛ 2,100። የቶርክ ደጋፊው የሚናገረው ስለዚህ ሁኔታ ነው። ሁለቱ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። አንዱ መኪናው ምን ማድረግ እንደሚችል ይናገራል፤ ሌላው ነጂው ሳይደክም ምን እንደሚያገኝ።

ዘመናዊ አውቶማቲክ ካምቢዮ ልዩነቱን ያጠብበዋል። ስምንትና አሥር ማርሽ ያላቸው በቅጽበት ሁለት ሦስት ማርሽ ዝቅ ይላሉ። በማኑዋል ለሚነዳ ሰው ግን የቶርኩ መስመር ቅርጽ አሁንም ብዙ ነገር ነው።

ቱርቦ የሰጠውና የወሰደው

ቱርቦ የሚሠራው በጭስ ግፊት ነው። የሚወጣው ጭስ ትንሽ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ብዙ አየር ካለ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ቶርኩም ይጨምራል። ችግሩ ተርባይኑ ፍጥነት እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ነዳጅ ተረግጦ ጉልበቱ እስኪመጣ ያለው መዘግየት ቱርቦ ላግ ይባላል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጀመሪያው ፖርሽ 911 ቱርቦ በዚህ የታወቀ ነው። 260 የፈረስ ጉልበቱ ዛሬ ብዙ አይመስልም። አስፈሪ ያደረገው አመጣጡ ነው። ነጂው ኩርባ ውስጥ ነዳጅ ይሰጣል፤ ምንም የለም። ትንሽ ይጨምራል። ከዚያ ድንገት ሁሉም ባንዴ ይመጣል፤ ሞተሩም ከኋላ ነው። ያው ጉልበት ቀስ እያለ ቢመጣ ኖሮ ብዙ ሰው መቆጣጠር ይችል ነበር።

የዛሬ ቱርቦዎች ትንንሽና ፈጣን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፖርሽ በቦክስተር ላይ የነበረውን 2.7 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በ2 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ ተካ። ከ265 ወደ 300 የፈረስ ጉልበት፣ ከ280 ወደ 380 ኒውተን ሜትር ከፍ አለ። ቶርኩም ከ1,950 ዙር ጀምሮ ይገኛል። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ተሻለ። ገዢው ግን አጉረመረመ። ትልቁ ቅሬታ ድምፁ ነበር፤ ሁለተኛው ወደ ላይ የመሮጥ ፍላጎቱ መጥፋቱ። መስመሩ ጠፍጣፋ ሲሆን ከ2,000 በኋላ የሚጠበቅ ነገር የለም። ሁሉም ከመጀመሪያው ተሰጥቷል።

ኩባንያው በኋላ 4 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ያለ ቱርቦ ሞተር መለሰ፤ 400 የፈረስ ጉልበት በ7,000 ዙር። አሁን ደግሞ ሌላ ቅሬታ መጣ፤ ማርሾቹ ረጃጅም ናቸው ተባለ። ሁለተኛ ማርሽ ብቻውን 130 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ይደርሳል። ያን የሚያምር የላይኛ ዙር ለመስማት ሕግ መጣስ ግድ ነው ማለት ነው። አድሎ ካልተባለ፣ ለመንገድ የሚሆነው ስምምነት የ2.4 ሊትሩ ጂአር86 ዓይነት ይመስላል። መሀሉ ይሞላል፤ ላዩም ባዶ አይሆንም።

ከፍታ የሚበላው ፈረስ

የካታሎግ ቁጥር የሚሰጠው ለባሕር ጠለል አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። እዚያ የአየር ግፊቱ በሩብ ያህል ዝቅ ያለ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚቀንስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። 228 የነበረው ወደ 180 ይወርዳል። ያውም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ዙር ላይ ይቀነሳል። በአንድ ቦታ ላይ «በጣም ይሄዳል» የተባለ መኪና ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚያለከልከው አርጅቶ ላይሆን ይችላል።

ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ስለሚጨምቅ የጎደለውን በከፊል ይሞላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካው ዴንቨርም ነገሩ ያው ነው፤ ከተማዋ 1,600 ሜትር ላይ ናት። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም።

ጉድጓድ የሌለው መስመር

የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍተኛ ቶርኩን ከዜሮ ዙር ጀምሮ ይሰጣል። ላግ የለም። በአብዛኞቹ ላይ ማርሽ መቀነስም የለም። የትራፊክ መብራት አረንጓዴ ሲሆን አንድ ተራ የኤሌክትሪክ መኪና ስመ ጥር የስፖርት መኪናን ጥሎ የሚነሳው በዚህ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከተወሰነ ዙር በኋላ ቶርኩ እየወረደ ይሄዳል። በ30 ኪሎ ሜትር ጀርባን ከወንበር ጋር የሚያጣብቀው መኪና በ130 ላይ ያን ያህል ላያስደንቅ ይችላል።

መዘዝም አለው። እንዲህ ያለ ቶርክ በእርጥብ አስፋልት ላይ ጎማን በቀላሉ ያሽከረክራል። መኪናውን ከመንሸራተት የሚያድነው የኮምፒውተሩ ቁጥጥር ነው፤ ፔዳሉ ቢረገጥም ቶርኩን በሴኮንድ ቁራጭ ውስጥ ይቆርጠዋል። በባትሪ ምክንያት ክብደቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ጎማም ቶሎ ይበላል።

የሚገርመው ግን ወደ ኋላ የመመለስ ፍላጎቱ ነው። ህዩንዳይ እ.ኤ.አ. በ2023 ባቀረበው አዮኒክ 5 ኤን ላይ የማስመሰያ ማርሽ አስገብቷል። መኪናው እንደ ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ ቶርኩን እየቆራረጠ ይሰጣል፤ ሐሰተኛ የሞተር ድምፅም አለው። ነጂው ካልፈለገው ማጥፋት ይችላል። አንዳንዱ «ምን የሚሉት ቧልት ነው?» ይላል። ሌላው ደግሞ ኩርባ ውስጥ ፍጥነቱን በጆሮውና በወገቡ እንዲያውቅ እንደረዳው ይናገራል። ሁለተኛው ሐሳብ ቀላል አይደለም። ዙር እየጨመረ ሲሄድ የሚመጣው ድምፅና ግፊት ለነጂው መረጃ ነበር።

ቁጥሩ ሲጠራ

የማስታወቂያ ቶርክ አንዳንዴ የሞተሩ አይደለም። ጂኤምሲ ሃመርን በኤሌክትሪክ ሲመልስ እ.ኤ.አ. በ2020 የጠራው ቁጥር ወደ 15,600 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ይህ በማርሽ ከተባዛ በኋላ ጎማ ላይ ያለው ነው። በዚህ አቆጣጠር ያ 205 ኒውተን ሜትሩ 86ም በአንደኛ ማርሽ ባለ 3,000 ነው።

ለሙከራ የሚነዳ ሰው ከቁጥሩ የተሻለ መለኪያ አለው። መንገዱ ነጻ ሲሆን መኪናውን በ60 ኪሎ ሜትር በአራተኛ ማርሽ ይያዝ። ማርሽ ሳይቀንስ ነዳጁን ይርገጥና እስከ 80 ድረስ ይጠብቅ። ቀጥሎ ያንኑ በሦስተኛ፣ ከዚያ በሁለተኛ ይድገመው። በአራተኛ የሞተ መስሎ በሁለተኛ የሚነቃ መኪና ፈረሶቹን ላይኛው ዙር ላይ ነው የያዘው። በሦስቱም የሚቀራረብ ከሆነ ቶርኩ ከታችኛው ዙር ጀምሮ ይገኛል። አውቶማቲክ ከሆነ ሲረገጥ ስንት ማርሽ እንደሚወርድና ከመውረዱ በፊት ምን ያህል እንደሚያመነታ ይቁጠር።